እኛ ተመልሰናል፤ ሲቪያችን ግን አልተመለሰም

ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት ኤጀንሲዎች ፈቃድ ለሚሰጠውና ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የሥራ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን ለተሰጠው ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ የቤት ሠራተኞች ፎቶግራፍ፣ የፓስፖርት ቅጂና የጤና ምርመራ ውጤት ያለ ገደብ መሠራጨቱን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌት፣ በሊባኖስና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በቤት ሠራተኝነት ስንሠራ ቆይተን ወደ አገራችን የተመለስን ሴቶች ያቋቋምነውን የመረዳጃ ማኅበር ወክዬ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣን ባለፈው የካቲት ከአባሎቻችን አንዷ አቤቱታዋን ይዛ በሄደችበት አንድ ቢሮ የተሰጣት መልስ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ለጉዞ ስትዘጋጅ የተነሣችው ፎቶግራፍ ከነፓስፖርቷ ቅጂ ዛሬም “ለሥራ ዝግጁ” ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለጥፎ እንደሚገኝ በወረቀት አሳትማ ብታቀርብ፣ “የተለጠፈው ውጭ አገር ነው፤ ደግሞም ሲቪው ሲሠራ ፈርመሻል፤ እኛን አይመለከትም” ተብላ ተመለሰች። መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ አልተሰጣትም። እኛ ግን ጉዳዩ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይመለከታል ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሣች ሴት ሁሉ ሲቪ የሚባለውን ነገር ታውቀዋለች። ለሌላ ሥራ ፈላጊ ሲቪ ማለት ትምህርቱንና የሥራ ልምዱን ራሱ ጽፎ ለመረጠው ቀጣሪ የሚያቀርበው ወረቀት ነው። የእኛ ሲቪ ከዚህ የተለየ ነው። ከላይ የኤጀንሲው አርማ፣ በአንድ ወገን ጉርድ ፎቶ፣ በሌላው ወገን ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ የቁም ፎቶ፣ ከሥሩ ወይም በሁለተኛው ገጽ ደግሞ የፓስፖርት ቅጂ ይኖረዋል። በመካከል ባለው ሠንጠረዥ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የቆዳ ቀለም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ፓስፖርቱ የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን ይሞላል። ስለ ሥራዋ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው፦ ማጽዳት፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማብሰል፣ ሕፃን መያዝ። በየመስመሩ ፊት የራይት ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱን የሚያደርገው ግን ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሠርታ የማታውቅ ልጅ ሁሉን እንደምትችል ተጽፎላት ትሄዳለች፤ እዚያ ስትደርስም “ዋሽተሽ መጣሽ” የምትባለው እሷ ናት።

እኔ ራሴ ፎቶ የተነሣሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከደሴ ሌሊት ተነሥተን አዲስ አበባ የገባን ሰባት ልጆች ነበርን። በጠባብ ኮሪደር ተሰልፈን ነጭ አንገትጌ ያላትን አንዲት ሰማያዊ ዩኒፎርም በየተራ እየለበስን ግድግዳ ተጠግተን ቆምን፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ከፊቴ ከነበረችው ልጅ ላብ ረጥባ ነበር። ፎቶ አንሺው “እጅሽን ወደ ጎን አድርጊ፣ ቀጥ በይ፣ ትንሽ ፈገግ በይ” አለኝ። ፎቶው ለማን እንደሚላክ፣ ስንት ሰው እንደሚያየው፣ ቪዛ ባይወጣልኝ ወይም ውሌን ጨርሼ ብመለስ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላወቅሁም ነበር። የፈረምኩበት ወረቀት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ያን ጊዜ ሁለቱንም ማንበብ አልችልም ነበር። ሪያድ ከገባሁ ከወራት በኋላ አሠሪዬ ለእህቷ ሠራተኛ ስትመርጥ ስልኳን አስጠግታ የሴቶችን ፎቶ በጣቷ እየገፋች አሳየችኝ፤ “ይቺስ?” “ያቺስ?” ትለኛለች። በዚያ መካከል ያችን ሰማያዊ ዩኒፎርም አየኋት። ለባሿን አላወቅኋትም፤ የአንገትጌውን አንድ ወገን እጥፋት ግን ወዲያው ለየሁት።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይህ ሲቪ ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ኤጀንሲው ዓረብ አገር ላለው መክተብ፣ ማለትም እዚያ ላለው ሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ፣ ይልካል፤ መክተቡ በዋትስአፕ ቡድኖች ይበትነዋል፣ በፌስቡክና በኢንስታግራም ገጾች ይለጥፈዋል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላው ደላላ እየገለበጠ የራሱን ስልክ ቁጥር ይጽፍበታል። ሴትየዋ ተቀጥራም፣ ውሏን ጨርሳም፣ ተመልሳም፣ አግብታና ወልዳም ፎቶዋ እዚያው ነው። በመግቢያዬ የጠቀስኳት አባላችን ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ጉዳዩን ያወቀችው ጅዳ ያለች የአክስቷ ልጅ “እንደገና ልትመጪ ነው እንዴ?” ብላ ምስሉን ስትልክላት ነው። የባሏ ቤተሰቦች ግን ቀድመው አይተውት ኖሮ፣ ልጇን ጥላ ልትሄድ በድብቅ ሲቪ አሠርታለች ብለው ለሁለት ወር ያህል ሲያነጋግሯት በጥርጣሬ ነበር። ሌላዋ አባላችን ደግሞ የሲቪዋ ጉርድ ፎቶ ተቆርጦ ከተለጠፈ በኋላ “ኩላሊቷ ታሞ ለሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብላት እህታችን” ተብላ ከማታውቀው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ወጥታ አገኘችው። እናቷ ዘንድ ጎረቤት እያለቀሰ ገብቷል፤ ያላቸውን የላኩም አሉ።

ይህ የእኛ የጥቂቶች ስሞታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቢቢሲ ዓረብኛ ክፍል ጋዜጠኞች ኩዌት ውስጥ አዲስ የገቡ ባልና ሚስት መስለው ባደረጉት ምርመራ የቤት ሠራተኞች ፎቶግራፍ ከነዋጋው በኢንስታግራምና ከጉግልና ከአፕል መደብሮች በሚወርዱ የግብይት መተግበሪያዎች ላይ ሲቀርብ በይፋ አሳይተዋል። በዚያ ምርመራ ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል ከጊኒ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ነበረችበት። አፕል በዚያው ሰሞን ፌስቡክን ከመደብሩ አስወጣለሁ ብሎ ማስጠንቀቁም በኋላ ታውቋል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ አንዳንድ ገጾች ተዘጉ፤ ሆኖም የእኛን አባል ምስል ያገኘነው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። የገጾች መዘጋት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፎቶውና የፓስፖርቱ ቅጂ ከምንጩ እየተቀዱ እስከ ተላኩ ድረስ ሌላ ገጽ ይከፈታል። ምንጩ ደግሞ ፈቃድ ከግድግዳው ላይ በተሰቀለበት ቢሮ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የጤና ምርመራን ይመለከታል፤ ከሁሉም አብልጦ ያቆሰለንም ይህ ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትመረመር ሴት ደሟና ሽንቷ ይታያል፣ ሳምባዋ በራጅ ይነሣል፤ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ቲቢና እርግዝና ይመረመራል። ውጤቱ “ፊት” (ለጉዞ ብቁ) ወይም “አንፊት” (ብቁ ያልሆነች) ተብሎ ይወጣል። ችግሩ ውጤቱ ከተመርማሪዋ ቀድሞ የሚደርሰው ለኤጀንሲው ወይም ላመጣት ደላላ መሆኑ ነው። የአባላችን ታናሽ እህት አንፊት የሆነችበትን ምክንያት የሰማችው ከሐኪም አይደለም። ኤጀንሲው በር ላይ ሌሎች አሥራ ሁለት ልጆች ቆመው ሳለ፣ ደላላው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ እያነበበ “አንቺ አትሄጂም፤ ጉበትሽ ላይ አለ” ብሎ ነገራት። ምክር የሰጣት፣ ወደ ሕክምና የመራት፣ በሽታው ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳት ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደሯ ገባ። ሐኪም የታማሚውን ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት፣ ካወጣም በወንጀል እንደሚጠየቅ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይደነግጋል። ይኸው ምስጢር ታሽጎ ለደላላ ሲሰጥ ግን ማንም አይጠየቅም።

ሦስተኛው ጉዳይ የተሳሳተ መረጃ ነው። ብዙዎቻችን የሄድነው በራሳችን ስምና ዕድሜ አይደለም። ደላላው ክርስቲያኗን በሙስሊም ስም፣ የ17 ዓመቷን በ24 ዓመት አስመዝግቦ ፓስፖርት ያስወጣላት ጊዜ ልጅቷ የምታውቀው “ሲጠሩሽ አቤት በዪ” መባሏን ብቻ ነበር። ይህ ስሕተት መሆኑን አንክድም፤ በስሕተቱ ተጠቃሚ የነበረው ግን ማን እንደሆነ ኃላፊዎቹም ታውቁታላችሁ። ዛሬ የፋይዳ ምዝገባ የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል፤ ባንኮችም ሒሳብን ከፋይዳ ቁጥር ጋር ማያያዝ ጀምረዋል። እናት አባቷ ባወጡላት ስም ፋይዳ የወሰደች አንዲት አባላችን፣ ስድስት ዓመት ሠርታ በፓስፖርቱ ስም ያጠራቀመችው ገንዘብ የእሷ መሆኑን ማስረዳት አቅቷት ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትመላለስ ከረመች። ትክክለኛውን ተናግራ እንድታስተካክል ሲመክሯት “ሐሰተኛ ሰነድ ተጠቅመሻል ተብዬ ብታሰርስ?” ትላለች። የሚያረጋጋ መልስ የሰጣት የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሴት ፎቶዋና የፓስፖርት ገጿ “ጠፍታለች፣ ያገኛት ይደውል” ተብሎ በቡድኖች ይሠራጫል፤ አንዳንዴ “ሌባ” የሚል ይጨመርበታል። ያ ምስል ከየት ተገኘ ቢባል ያው ከሲቪው ነው። ለሥራ ተብሎ የተሰጠ ፎቶ ሰው ማደኛ ሆነ ማለት ነው። እዚህ አገርም ቢሆን፣ አእምሮዋ ታውኮ ወይም አካሏ ተጎድቶ ቦሌ የምታርፍን እህት ካሜራ ደቅነው “ምን አደረጉሽ?” እያሉ የሚቀርጹ፣ ቪዲዮውንም ለተመልካች ብዛት የሚያውሉት ሰዎች እየበዙ ነው። በስቃይ ላይ ሆና ድረሱልኝ ብላ በራሷ ስልክ የምትቀርጽ ሴት መብቷ ነው፤ በዚያ መንገድ የተረፉ አሉና አንነቅፋትም። ራሷን በማታውቅበት ሰዓት ሌላው ሲቀርጻት ግን ፈቅዳለች ሊባል አይችልም።

አሁን “ፈርመሻል” እና “ውጭ አገር ነው” ወደተባሉት ሁለት መልሶች እመለሳለሁ።

ፊርማን በተመለከተ፣ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ፣ ካልፈረመች ጉዞዋ እንደሚቀር ተነግሯት፣ ላሟን ሸጠው ወይም በአራጣ ተበድረው የላኳት ወላጆቿን እያሰበች የምትፈርም ልጅ ያደረገችው ነገር ስምምነት አይባልም። ብትስማማ እንኳ የተስማማችው ቀጣሪ እንዲያያት ነው፤ ለአምስት ዓመት ለዓለም ሁሉ እንድትታይ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ የተጻፈው በእጅ የሚያዝ ካሜራ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን አረጋግጧል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና ሁኔታንና ሃይማኖትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦ፣ ባለ መረጃው መረጃውን የማየት፣ የማሳረምና የማስሰረዝ መብት እንዳለው ደንግጓል። ከሁሉ ይልቅ የእኛን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው ግን በኤጀንሲዎች ዘንድ ሲጠቀስ ያልሰማነው ሕግ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 181 በአንቀጽ 6 ኤጀንሲዎች ስለ ሠራተኛው የሚይዙት መረጃ በሙያ ብቃቱ፣ በሥራ ልምዱና ከዚሁ ጋር በቀጥታ በተያያዘ ጉዳይ ላይ የተወሰነ እንዲሆን ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የቆዳ ቀለምና የሰውነት ክብደት የሙያ ብቃት የሚሆኑት በየትኛው ትርጉም እንደሆነ እንዲብራራልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

“ውጭ አገር ነው” ለሚለውም መልሱ ሩቅ አይደለም። ፎቶው የተነሣው አዲስ አበባ ነው፤ ፓስፖርቱ የተቀዳው አዲስ አበባ ነው፤ የመጀመሪያውን “ላክ” የተጫነው ጣት እዚሁ ፈቃድ ባለው ቢሮ ውስጥ ነው። አዋጁ የግል መረጃ ወደ ሌላ አገር የሚተላለፍበትንም ሁኔታ ይገዛል። ተቀባዩ አገርም ቢሆን ሕግ አልባ አይደለም፤ ሳዑዲ ዓረቢያ የራሷን የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ አውላለች። በሁለቱም ወገን ሕግ እያለ በመካከል የጠፋነው አቤቱታችንን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው ስላጣን ነው።

ደብዳቤያችን ጉዞ ይታገድ የሚል ተደርጎ እንዳይታይብን አደራ እንላለን። ጉዞው ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ታግዶ በነበረበት ጊዜ ልጆቻችን መሄዳቸውን አላቆሙም፤ በደላላ እጅ፣ በበረሃና በባሕር ሄዱ እንጂ። ቀጣሪ ቤቱ የሚያስገባትን ሰው ማወቅ እንደሚገባውም አንክድም። ሥራዋን ይጠይቃት፤ በቪዲዮ ያነጋግራት፤ ቀድሞ የሠራችበትን ይወቅ። ይህን ለማወቅ የፓስፖርቷ ቅጂ በሺህ ስልኮች ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። ኤጀንሲዎች የሚጠቀሙበት የሲቪ ቅጽ በመሥሪያ ቤቱ ተዘጋጅቶ አንድ ወጥ እንዲሆንና በትምህርት፣ በሥራ ልምድ፣ በቋንቋና በዕድሜ እንዲወሰን፤ ሃይማኖት፣ ክብደት፣ የቆዳ ቀለምና የቁም ፎቶ ከቅጹ እንዲወጡ፤ የፓስፖርት ቅጂ ውሉ ከተፈረመ በኋላ በመንግሥት የስምሪት ሥርዓት በኩል ብቻ እንዲላክ ይደረግ። የስምምነት ወረቀቱ ተጓዧ በምትናገረው ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማትችል ጮክ ተብሎ ይነበብላት፤ አንዱ ቅጂ በእጇ ይሰጣት። ተጓዧ ስትቀጠር፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ ቀጣሪ ካልተገኘላት፣ ኤጀንሲው ሲቪዋን ከራሱም ከመክተቡም ዘንድ ማጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፣ ይህን ያላሟላ ፈቃዱ እንዳይታደስለት፣ ለሠራተኞች መብት ማስከበሪያ ያስያዘው ዋስትናም በዚህ ለሚደርስ ጉዳት ጭምር ተጠያቂ እንዲሆን እንጠይቃለን።

የጤና ውጤት በዝርዝር የሚነገረው ለተመርማሪዋ ብቻ፣ በሐኪም፣ በር ተዘግቶ ይሁን፤ ኤጀንሲው ማወቅ የሚገባው መሄድ መቻል አለመቻሏን ብቻ ነው። በደላላ ስምና ዕድሜያቸው ተለውጦ የሄዱ ሴቶች ያለ ክስ ፍርሃት ቀርበው መረጃቸውን የሚያስተካክሉበት የተወሰነ ጊዜና መስኮት ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር በመነጋገር ይከፈትልን። ፎቶዋ ያለ ፈቃዷ ተለጥፎ ያገኘች ሴት የምታመለክትበት አንድ ጠረጴዛ ይሰየም፤ ጠረጴዛው አቤቱታውን በዓረብኛ አስተርጉሞ ለገጹ ባለቤት ኩባንያ፣ ለቆንስላችንና ለተቀባዩ አገር ተቆጣጣሪ የሚልክ፣ ለአመልካቿም በቁርጥ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ይሁን።

በመጨረሻም፣ ባለፈው የካቲት በቃል የተመለሰችው አባላችን አቤቱታዋ እንደገና ታይቶ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጣት እንጠይቃለን። የታተሙት ሦስት ገጾች፣ የተለጠፉበት ቀንና በምስሉ ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር በማኅበራችን እጅ ይገኛሉ፤ በተጠራን ቀን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር

ከዓረብ አገር ተመላሽ የቤት ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢ
ደሴ